“ትምህርት ቤት” በስንት ቋንቋ? ከአዲስ አበባ እስከ ዝዋይ ሐይቅ፣ የሰባት ቀን ማስታወሻ

ቀን 1፦ መናኸሪያ፣ አዋሽ፣ ጢያ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ “ቡታጅራ! ቡታጅራ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!” እያለ ይጣራል። ገብቼ ቁጭ ከማለቴ አንድ ሽማግሌ ወደ በሩ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ ቦታ እንዳለ ጠየቁት። ልጁ ወዲያው “ነመ ለማ” አላቸው። ሁለት ሰው ማለቱ ነው። ቃል በቃል ሲቀመጥ ግን “ሰው ሁለት” ነው የሚለው።

ማስታወሻ ደብተሬን ገና ሳንነሳ ከፈትኩት። በሁለቱም ቋንቋ “ሰው” ነው እንጂ “ሰዎች” አይደለም። ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙ እንደ ነጠላ ይቀራል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይልም። ቦታው ግን ተገላብጧል፤ አማርኛ ቁጥሩን ያስቀድማል፣ ኦሮምኛ ሰውየውን ያስቀድማል። ጎረቤቶች አንዱን ተካፍለው አንዱን ለየብቻ ይዘዋል። ለዚህ ጉዞ ያስነሳኝም ይሄው ነው።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ብዙ ጊዜ የጤና በራሪ ወረቀት ነው የሚሰጠኝ። ከእንግሊዝኛ ስተረጉም ዓረፍተ ነገሩን ከጅራቱ ይዤ ነው የምመልሰው። ከኦሮምኛ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ እጄ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ይህቺን ጻፍኩ፦ “ከሌሳ ገባ ዴሜ ቡና ቢቴ ዹፌ።” ከሥሯ ደግሞ፦ “ትናንት ገበያ ሄጄ ቡና ገዝቼ መጣሁ።” ስድስት ቃል በስድስት ቃል። አንዱም ቦታውን አልለቀቀም። “ሄጄ”፣ “ገዝቼ” እያለ ሥራውን በተራ የሚያስኬደው፣ በመጨረሻ በ“መጣሁ” የሚዘጋው አነጋገር በሁለቱም አንድ ነው። ኦሮምኛ ኩሻዊ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ነው፣ አማርኛ ሴማዊ ከሚባለው። ዘራቸው የሚገናኘው እጅግ ሩቅ ላይ ነው። አነጋገራቸው ግን አንድ ግቢ እንዳደጉ ልጆች ነው።

ግእዝን ከጎን ሳስቀምጥ ነገሩ ይበልጥ ይገርመኛል። “በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ።” “ገብረ” ከፊት ነው። እኛ ደግሞ “በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ” እንላለን፤ “ፈጠረ” መጨረሻ ላይ። ግሡ ከዓረፍተ ነገሩ ራስ ወደ ጅራት ወርዷል። አማርኛ የግእዝ ቀጥተኛ ልጅ ሳይሆን የእህት ልጅ ያህል ነው ይላሉ አጥኚዎች። የቤተሰቡ የጥንት አካሄድ ግን በግእዝ ውስጥ እንደሚታየው ነበር። ታዲያ ማን አወረደው?

ስለዚህ በየከተማው አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ወሰንኩ። “ትምህርት ቤት በእናንተ ምን ይባላል?” ቀላል ነው፣ ሕፃን ሳይቀር ይመልሰዋል። ደግሞ የአማርኛን ሁለት ዘመን አንድ ላይ ያሳያል። “ቤተ መጻሕፍት”፣ “ቤተ ክርስቲያን”፣ “ቤተ መንግሥት” ስንል ቤቱ ከፊት ነው፤ ይህ የግእዝ ሥርዓት ነው። “ትምህርት ቤት”፣ “ምግብ ቤት”፣ “ቡና ቤት” ስንል ቤቱ ከኋላ ነው። ይህ የራሳችን ነው። በየቀኑ ሁለቱንም እንናገራለን፤ ልብ ግን አንለውም።

መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻገርን። ጢያ ወርጄ ትክል ድንጋዮቹን አየሁ። 36 ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሰይፍ የተቀረጸበት አንዱ ድንጋይ ሥር ትንሽ ቆየሁ። ያቆሙት ሰዎች ምን ቋንቋ ይናገሩ ነበር እያልኩ አሰብኩ። ማታ ቡታጅራ ገባሁ።

ቀን 2፦ ቡታጅራ

ዛሬን ሙሉ ገበያ ነው የዋልኩት። በዚህ አካባቢ በአጭር ርቀት ውስጥ ክስታኔ አለ፣ መስቃን አለ፣ ስልጤ አለ፣ ማረቆ አለ፣ ኦሮሞ አለ። ከእነዚህ የማረቆና የኦሮሞ ቋንቋ ኩሻዊ ነው፣ የሌሎቹ ሴማዊ ነው። ሰዉ ግን በዚህ አይከፋፈልም። በርበሬው፣ ቆጮው፣ ሰርጉና ለቅሶው ያገናኘዋል።

በርበሬ ተራ አንዲት እናት ጎን ተቀመጥኩ። የማረቆ በርበሬ ነው የሚሸጡት፤ ቀዩ ከሩቅ ይታያል። ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ከጎናቸው ካለችው ሽንኩርት ሻጭ ጋር በመስቃን ቋንቋ ይቀልዳሉ። ጆንያ ተሸክሞ ከመጣው ወጣት ጋር በማረቆኛ ዋጋ ይከራከራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ፊታቸው እንኳ አይቀየርም።

“እማማ፣ ስንት ቋንቋ ይችላሉ?” አልኳቸው።

“እኔ እንጃ ልጄ፣ ቆጥሬው አላውቅም” አሉኝ። “እናቴ ማረቆ ናት፣ አባቴ መስቃን። ባሌ ደግሞ ስልጤ ነው። ቤት ውስጥ ያገኘነውን ነው የምንናገረው።”

በዚህ መሃል የልጅ ልጃቸው እሪ አለ። “ጭጭ በል!” አሉት። ልጁም ዝም አለ። እኔ ግን እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

“ዝም አለ” የሚለውን እዩት እስቲ። ልጁ ምንም አላለም፤ እኛ ግን “አለ” እንላለን። “ብድግ አለ”፣ “ቁጭ አለ”፣ “ድንግጥ አለ”፣ “ቀስ አለ”፣ “ጠጋ አለ”፣ “ከት ብሎ ሳቀ”። አማርኛ ያለዚህ “አለ” አንድ ቀን አያድርም። ኦሮምኛ ዝም አለ ለማለት “ጨል ጄዼ” ይላል፤ “ጄዼ” ማለት “አለ” ነው። ትግርኛ “ስቕ በለ” ይላል፤ “በለ” ያው “አለ” ነው። ግእዝ ግን “አርመመ” ይላል፣ አንድ ግሥ፣ አለቀ። ሴማዊም ኩሻዊም የሆኑት የዛሬዎቹ ተናጋሪዎች በአንድ መላ ተስማምተዋል።

እኚህን እናት እያየሁ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ። በአንድ ራስ ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ ሲኖር፣ ለየቋንቋው የተለየ የአነጋገር መንገድ መያዝ ድካም ነው። ቃሉ ይለያያል፤ ቃል የሰው መለያ ነውና ይጠበቃል። ቃላቱ የሚሰለፉበት መንገድ ግን ቀስ በቀስ አንድ ይሆናል። የልጅ ልጁ የሚሰማው ይህንን ነው። ለእሱ የተቀላቀለ ነገር አይደለም፤ የአያቱ አነጋገር ነው።

ስለ ጉራጌ ቋንቋዎች ረጅም ዘመን የደከመው ቮልፍ ሌስላው ነው። የጉራጌን ቋንቋዎች የቃላት ምንጭ የሚያሳይ ባለ ሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትሟል። የሲዳማና የሐዲያ ቤተሰብ የሆኑ ኩሻዊ ቋንቋዎች በጉራጌ ላይ ያሳረፉትን ጫና አንድ በአንድ ከለቀሙት አንዱ እሱ ነው። እኔ ግን የዛሬዋን የበርበሬ ነጋዴ ሳላይ የሱን ሥራ በትክክል የገባኝ አይመስለኝም።

ቀን 3፦ ወራቤ

አጭር ቀን ነበር። ዝናብ ያዘኝና አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። የቤቱ ልጅ “ቤት” በስልጥኛ “ጋር” እንደሚባል ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ሐረር ውስጥም ቤት “ጋር” ነው። ስልጥኛ፣ ሐረሪና የዝዋይ ሐይቅ ዛይኛ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ከዚህ እስከ ሐረር ግን ዛሬ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር አለ።

እዚህ ያገኘሁት ነገር ግን ቃል አይደለም፣ ድምፅ ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ ፊደላችን ከግእዝ እስከ ሳብዕ የሚቆጥረው ለዚህ ነው። ስልጥኛ ግን አምስት አጭርና አምስት ረጅም አለው። አናባቢውን ሳብ ማድረግ ትርጉም ይለውጣል። ይህ የጎረቤት ኩሻዊ ቋንቋዎች ጠባይ ነው። ኦሮምኛ ውስጥ ባጭሩ “ለፈ” ቢሉ መሬት ነው፣ ሳብ አድርገው “ላፋ” ቢሉ ለስላሳ። ስልጥኛ ቃሉን ሴማዊ አድርጎ ይዞ፣ አናባቢውን በጎረቤቶቹ ሚዛን ይመዝናል። ልጁ ሲያወራ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩት። ዜማው የሐዲያ ነው ብል አልዋሸሁም።

ቀን 4፦ ሆሳዕና

የድሮ ስሟ ዋቸሞ ነው። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አታካና ሠርተው ጠበቁኝ፤ ቡላ፣ ቅቤና አይብ። እንዲህ ያለ እንግዳ አቀባበል ለማን ይነገራል! በልቼ ሳልጨርስ ጥያቄዬን ጠየቅሁ።

“ሎሰን ሚኔ” አሉኝ።

“የቱ ነው ቤት?”

“ሚኔ ነዋ። ሎሰን ትምህርት ነው።”

ትምህርት ቤት! ልክ እንደኛው፣ ቤቱ ከኋላ። ሐዲይኛ ኩሻዊ ነው። አብሬ ያነሳሁት ኦሮምኛም ኩሻዊ ነው፤ ቤትንም “ማነ” ይላል፤ “ሚኔ” እና “ማነ” ወንድማማች ቃል ናቸው። ግን ኦሮምኛ “ማነ በሩምሳ” ነው የሚለው፤ ቤቱን ከፊት አድርጎ። እንደ “ቤተ መጻሕፍት”። “ትልቅ ቤት” ሲልም “ማነ ጉዳ” ነው፣ ቤት ትልቅ።

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከአዲስ አበባ ስነሳ አማርኛ አካሄዱን ከኦሮምኛ ጋር በመኖር ያገኘ መስሎኝ ነበር። ግሡ መጨረሻ ላይ መውረዱ ከኦሮምኛም ጋር ይስማማል። “ትምህርት ቤት” ግን አይስማማም። በዚህ አማርኛ የሚመስለው ሐዲይኛን ነው፤ በሰሜን ደግሞ አገውኛን። ኩሻዊ የሆነው አገውኛም ባለቤቱን ከፊት፣ ንብረቱን ከኋላ ያደርጋል። አማርኛ የተወለደው ደግሞ ከአገው ጎን ነው። ዛጉዌዎች ነግሠው በነበረበት አገር፣ አገውኛ የሚናገሩ እናቶች አማርኛ ሲናገሩ፣ ልጆቻቸውም ያንን ሲሰሙ ነው “የንጉሥ ቤት” የሆነው “ቤተ ንጉሥ” የነበረው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለነገሥታት የተዘፈኑ የአማርኛ ግጥሞች ተጽፈው ቆይተውናል፤ ለውጡ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ ከጽሑፍ ውጪ፣ ጓዳ ውስጥ የተጀመረ ነው። እኔ በዚህ አምናለሁ። የቋንቋችንን ታሪክ በነገሥታቱ ብቻ ስንተርክ እነዚህን እናቶች እንረሳቸዋለን፤ ያሳዝነኛል።

ቀን 5፦ ወደ ሶዶ

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ወርደው በወላይትኛ መነጋገር ጀመሩ። ወላይትኛ አንድም ቃል አልችልም፤ ግን “ጎማ”፣ “ክሪክ”፣ “ስኮርታ” ሲሉ ሰማሁ። ሦስቱም ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ ያለ ፓስፖርት በየቋንቋው ገብተዋል። ቃል እንዲህ ነው፣ ከዕቃው ጋር ይመጣል። ጣሊያን በጥቂት ዓመት ስንት የጋራዥ ቃል ጥሎ ሄደ፣ የዓረፍተ ነገራችንን አካሄድ ግን ነክቶ አያውቅም። ያንን ለመንካት መጋባት፣ አብሮ ማረስ፣ ልጅ አብሮ ማሳደግ ይፈልጋል፤ ያውም ለብዙ ትውልድ።

ጎማው እስኪቀየር አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ከሁለት ተማሪዎች ጋር ተቀመጥኩ። ጥያቄዬን ገና ሳልጨርስ “ትሚርቴ ኬታ!” አሉኝ። “ኬታ” ቤት ነው። “ትሚርቴ” ደግሞ የኛው “ትምህርት” ነው። ቃሉ ከአማርኛ ሄደ፤ አቀማመጡ የአገሩ ነው። ወላይትኛ ኦሞአዊ ነው፣ ሦስተኛ ቤተሰብ። እሱም ቤቱን ከኋላ አስቀምጧል። አቀማመጡ ተመሳሳይ ባይሆን ኖሮ፣ “ትምህርት” እንዲህ ሳይቸገር የሚገባ አይመስለኝም።

“ዝም በል”ንም ጠየቅኳቸው። ተሳስቀው “ጮኡ ጋ” አሉኝ። “ጋ” ማለት “በል” ነው! ኦሞአዊም “ዝም”ን “ይላል”። ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሶዶ ማታ ጥሬ ሥጋ በዳጣ በላሁ። ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፤ ግን ማቆም አይቻልም። ስወጣ “ገለታይስ” አሉኝ፣ አመሰግናለሁ። ኦሮምኛ “ገለቶሚ” ይላል። ሲዳሚኛ “ገለቴሞ” ይላል። አንድ ምስጋና በሦስት አንደበት።

ቀን 6፦ ሐዋሳ

የቋንቋ መምህር የሆነ ወዳጄ ሐይቁ ዳር አሳ ጋበዘኝ። “ትምህርት ቤት?” አልኩት ገና ሳልቀመጥ። “ሮሱ ሚኔ” አለኝ። የሲዳማው “ሮሱ” እና የሐዲያው “ሎሰን” ዘመዳሞች መሆናቸውን ነገረኝ። ቤቱ ከኋላ። ዝም በል ደግሞ “ሳሚ ዪ”፤ “ዪ” ያው “በል” ነው። ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝ።

እሱ ግን ረጋ አድርጎ መለሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ቻርልስ ፈርጉሰን እነዚህን የጋራ ነገሮች ሰብስቦ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አንድ የቋንቋ ቀጠና ናቸው የሚለውን ሐሳብ በዝርዝር አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ጣሊያናዊው ማውሮ ቶስኮ ተነስቶ ተከራከረ። ሴማዊም፣ ኩሻዊም፣ ኦሞአዊም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ፣ የአፍሮ እስያ፣ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከሚመሳሰሉት ውስጥ ከጥንት ከጋራ አያት የተወረሱ አሉ፣ ሁሉም መዋዋስ አይደለም። የቀረው ደግሞ የእርስ በርስ ሳይሆን በአመዛኙ ከኩሻዊ ወደ ሴማዊ የሄደ ነው አለ።

“ጠ፣ ቀ፣ ጨን ውሰጂ” አለኝ ወዳጄ። “በወላይትኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሲዳሚኛም አሉ። ጤፍን ኦሮሞ ‘ጣፊ’ ይላል፣ ጠው ያው ነው። ግን አማርኛ ጠን ከጎረቤት ተዋሰ ትያለሽ? የጥንቶቹ ሴማውያንም ሳይኖራቸው አይቀርም። ዓረብኛ ለወጠው፤ እዚህ ሲቀር ጎረቤቱ አጽንቶት ይሆናል።” ይህን አልጠበቅኩትም ነበር። ጎረቤት አዲስ ነገር ብቻ አይሰጥም፤ ያለሽንም እንዳትጥይ ይይዝልሻል።

መጣሉም በጋራ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብለን ሦስት ፊደል እንጽፋለን፤ የምናሰማው አንድ ድምፅ ነው። አ እና ዐም እንደዚያው። ትግርኛ ሐንና ዐን ይዟቸዋል። ሶማሊኛና አፋርኛም ይዘዋቸዋል። አማርኛ ጥሏቸዋል፤ ኦሮምኛም የለውም። ፐን ደግሞ አማርኛም ኦሮምኛም በአገር ቃል ውስጥ አያውቁትም፤ ነፍሷን ይማርና አያቴ እስክትሞት “ቦሊስ” ነበር የምትለው።

ከወዳጄ ጋር እስከ ማታ ተከራከርን። ቶስኮ ትክክል ነው ብዬ ተቀብዬለታለሁ፣ በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። ከኩሻዊ ወደ ሴማዊ ሄደ ማለት ታሪኩን አያሳንሰውም። እንዲያውም የዛሬው አማርኛ በአገው፣ በኦሮሞ፣ በሲዳማ አንደበት የተሠራ ነው ማለት ነው። ይህን ተማሪዎቻችን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ቀን 7፦ ዝዋይ፣ ቱሉ ጉዶ

ጠዋት ሐይቁ ዳር ካለችው ከተማ፣ ከባቱ፣ ደርሼ ጀልባ ተሳፈርኩ። አብረውኝ የነበሩት አሳ አስጋሪዎች ናቸው፤ መረባቸው ውስጥ ጥቂት ቆሮሶ አለ። ዛይ ናቸው። ከሐይቁ ወዲህ ኦሮምኛ ነው፣ ደሴቱ ላይ ዛይኛ። እነሱ ሁለቱንም፣ አማርኛንም ጨምረው ይናገራሉ። የደሴቱ ስም ራሱ ኦሮምኛ ነው፤ ቱሉ ጉዶ፣ ትልቅ ተራራ።

ኮረብታው ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወደዚህ ሸሽታ ነበር ብለው ያምናሉ፤ አንድ አባት ሐይቁን እያሳዩ በፍቅር ነገሩኝ። ጥያቄዬን እዚህ አልጠየቅኩም። ጆሮዬን ብቻ ከፍቼ ዋልኩ።

ስንመለስ ዳር ላይ አንዲት ወጣት እናት ልብስ ታጥባለች። ልጇ ጭቃ ውስጥ ይጫወታል። በዛይኛ ጠራችው፤ አልሰማትም። ደግማ ጠራችው፤ አሁንም። ከዚያ “ኮቱ!” አለችው፣ በኦሮምኛ፣ ና።

ይቺ ቃል ደብተሬ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረች። “መጣ” እንላለን፣ ትእዛዙ ግን “ምጣ” አይደለም፤ “ና” ነው። ትግርኛ “መጸ” ይላል፣ ትእዛዙ “ንዓ” ነው። ኦሮምኛ “ዹፌ” ይላል፣ ትእዛዙ “ኮቱ” ነው። ሶማሊኛም ሲጠራ “ካለይ” ይላል፣ ከ“መጣ” ግሡ የማይገናኝ። ሰው ሲጠሩ ሁሉም ግሡን ትተው ሌላ ቃል ያነሳሉ።

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ጭቃውን በቁምጣው ጠረገና እየሮጠ መጣ። በዛይኛ አንድ ነገር አላት፤ እሷም በዛይኛ መለሰችለት። ጀልባ ቀዛፊው “እህቴ፣ ነይ ይመሻል” አለኝ። ነይ።